ጥንታዊ ነኝ የሚል ቢራ በምላስ ሲመረመር፤ በአሮጌ ዘዴ ስለተጠመቀ ላገር አቀማመስ

ከዚህ በታች የቀረበው በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የተደረገ ንግግር ግልባጭ ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



በእያንዳንዳችሁ ፊት ሦስት ትንንሽ ብርጭቆዎች ተቀምጠዋል። እስክንደርስባቸው ድረስ ሳይነኩ እንዲቆዩ አደራ እላለሁ። አልኮል የማይጠጣ ሰው በዚህ ገለጻ ላይ ባይተዋር አይደለም፤ ከሥራው የሚበልጠው በአፍንጫ የሚሠራ ስለሆነ ብርጭቆውን አሽትቶ ማስቀመጥ ይችላል።

ብርጭቆዎቹ ውስጥ ያለው በአንድ አነስተኛ ጠማቂ ቤት የተሠራ ላገር ቢራ ነው። የቤቱን ስም አልጠራም። አንደኛ ማስታወቂያ እንዳይሆን ነው፤ ሁለተኛም ከስሙ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ አራት ነገር ይላል። ብቅሉ በእንጨት እሳት ደርቋል፤ ድፍድፉ ሦስት ጊዜ ተቀቅሏል፤ ቢራው በእንጨት በርሜል ውስጥ ለዐሥር ሳምንት በብርድ ከርሟል፤ ስለዚህም ይህ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ይጠጣ የነበረው ቢራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስለ አሠራር የተሰጡ ቃሎች ናቸው። አራተኛው ግን የታሪክ ፍርድ ነው። የዛሬው ጥያቄያችን ከእነዚህ ውስጥ ምላስና አፍንጫ ሊመሰክሩ የሚችሉት የትኛውን ነው፣ ዝም የሚሉትስ የት ላይ ነው የሚል ነው።

ጥያቄው የጨዋታ እንዳይመስላችሁ። «ጥንታዊ» የሚለው ቃል ዋጋ ይጨምራል። ገዢው ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፍለው ለቢራው ብቻ ሳይሆን ለታሪኩም ነው፤ ታሪኩ ሐሰት ከሆነ የተሸጠለት ዕቃ ጎድሏል ማለት ነው። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዚህ አገር በየቤቱ ጠላ የሚጠምቁ እናቶች እስከ ዛሬ ድረስ ይዘውት ያለውን ዕውቀት አንድ ቀን አንድ ድርጅት በጠርሙስ አሽጎ «የጥንት» ብሎ ሊሸጠው ይችላል። ያን ጊዜ ቃሉን የምንመዝንበት ሚዛን ከወዲሁ ሊኖረን ይገባል።

ላገር የሚለው ስም የመጣው ማከማቸት ወይም ማቆየት የሚል ትርጉም ካለው የጀርመንኛ ቃል ነው። ስሙ የሚናገረው ስለ ቀለሙ ወይም ስለ ጥንካሬው ሳይሆን በጓዳ ስለ መክረሙ ነው። የላገር እርሾ የሚሠራው ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ብርድ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ቢራው ወደ ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ይቆያል። ሌላው የቢራ እርሾ በ20 ዲግሪ አካባቢ በቀናት ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል። በብርድ የሚሠራው እርሾ የሙዝና የፍራፍሬ ሽታ የሚሰጡትን ውሕዶች በጥቂቱ ብቻ ስለሚያመርት፣ ላገር በባሕርይው የጠራና ዝምተኛ ቢራ ነው። ይህን ዝምታውን ልብ በሉልኝ። ጉድለት የሚደበቅበት ስፍራ የለውምና ለምርመራ የተመቸ ነው።

ማቀዝቀዣ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ በወቅት ላይ የተመሠረተ ነበር። የባቫርያው መስፍን አልብሬሽት አምስተኛ በ1553 ባወጣው ድንጋጌ ቢራ ከመስከረም 29 ቀን እስከ ሚያዝያ 23 ቀን ብቻ እንዲጠመቅ ወሰነ፤ ሁለቱም ቀኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያው የቅዱስ ሚካኤል፣ ሁለተኛው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነው። በበጋ የተጠመቀ ቢራ በሙቀት ይበላሽ ስለነበር ነው እገዳው የመጣው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ በባቫርያ የጊዮርጊስ ዕለት ጠማቂው ጋኑን የሚዘጋበት ቀን ነበር፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ከ1922 ጀምሮ ጊዮርጊስ ራሱ የቢራ ስም ሆኗል።

ክረምቱን የተጠመቀው ቢራ በጋውን የሚያልፈው ኮረብታ ሥር በተፈለፈሉ ጓዳዎች ነበር። ከሐይቅ የተቆረጠ በረዶ ይከመርበታል፤ ከላይ ጥላ እንዲሆን ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ይተከላሉ። ዛሬ ጀርመኖች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ቢራ የሚጠጡበት ልማድ የተወለደው ከእነዚህ ጓዳዎች አናት ላይ ነው። በ1870ዎቹ ካርል ፎን ሊንደ በሙኒክ የማቀዝቀዣ መሣሪያውን በቢራ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ላይ ካዋለ በኋላ ወቅት ጠማቂውን ማዘዝ አቆመ፤ ላገርም ከተራራ ሥር ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ።

እንግዲህ አሁን የመጀመሪያውን ብርጭቆ አንሡ። አትጠጡ፤ ወደ ብርሃን አቅርቡት። ቀለሙ የጠቆረ ቀይ ቡኒ ነው፤ አረፋው ጠንካራ ነው፤ በጥቂቱም ደፍርሷል። ድፍርስነቱ ቢራው አለመጣራቱን ይነግረናል፤ በጉሽ ጠላና በተጣራ ጠላ መካከል ያለውን ልዩነት ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዓይን ከዚህ በላይ ብዙ አይረዳንም፤ ቀለም በጥቂት የተቆላ ብቅል ሊገኝ የሚችል ነገር ነውና።

አሁን ብርጭቆውን በመዳፋችሁ ከድናችሁ ጥቂት አወዛውዙት፤ ከዚያ ገልጣችሁ አሽትቱ። ከብርድ መሣሪያ ቀድመን አውጥተን ወደ 10 ዲግሪ እንዲደርስ ያደረግነው ለዚህ ነው። በረዶ የሆነ ቢራ ሽታውን አይሰጥም። በመጠጥ ቤት «በጣም የቀዘቀዘ» ብሎ ማዘዝ ለጥም ጥሩ ነው፤ ለምርመራ ግን አፍንጫን አስሮ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል።

የሚመጣላችሁ ጭስ ነው። ብዙዎቻችሁ በፈገግታ እርስ በርስ ስትተያዩ አያለሁ፤ ይህ ሽታ ለእናንተ የባዕድ አይደለምና። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን የሚተወው ሽታ የቅርብ ዘመዱ ነው። ኬሚስትሪውም አንድ ነው። እንጨትን ጠንካራ የሚያደርገው ሊግኒን የተባለው ቁስ ሲነድ ጓያኮልና ሲሪንጎል የሚባሉ ውሕዶችን ይለቃል፤ አፍንጫችን «ጭስ» ብሎ የሚያነበው በዋናነት እነዚህን ነው። ልዩነቱ ጭሱ የሚገባበት በር ላይ ነው። በእኛ ጠላ ጭሱ የሚያርፈው በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው፤ በዚህ ቢራ ግን ያረፈው በእህሉ ላይ ነው። የበቀለው ገብስ እድገቱ እንዲቆም መድረቅ አለበት፤ በእንጨት እሳት በቀጥታ ሲደርቅ ጭሱን ይጠጣል።

በጀርመን የባምበርግ ከተማ ሽሌንከርላና ሽፔትሲያል የተባሉት ሁለት ቤቶች ብቅላቸውን ራሳቸው በእንጨት እሳት የማድረቅን ልማድ እስከ ዛሬ አላቋረጡም። ስለዚህ የጠርሙሱ የመጀመሪያ ቃል የሚጠቅሰው አሠራር በእርግጥ የነበረ፣ አሁንም ያለ አሠራር ነው። አፍንጫችንም ጭስ መኖሩን መስክሯል። ነገር ግን መጠኑን እንመልከት። የዚህ ቢራ ጭስ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚጮኽ ነው። የጥንት ሰው ይህን ፈልጎት ነበርን?

ማስረጃው ወደ ተቃራኒው ያደላል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃሪሰን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ አገሩ በጻፈው ገለጻ ውስጥ በገለባ የደረቀውን ብቅል ሲያመሰግን በእንጨት የደረቀውን ከጭሱ የተነሣ ዝቅ ያደርገዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ጭስ የሌለው ኮክ የተባለውን የድንጋይ ከሰል ዝግጅት ለብቅል ማድረቂያ መጠቀም ሲጀምሩ የጠጪው ፍላጎት ወደዚያ አዘነበለ። በ1817 ዳንኤል ዊለር የፈጠረው የሚሽከረከር መቁያ ከመጣ በኋላ ደግሞ ጥቁር ቢራ ለመሥራት እሳቱ ብቅሉን በቀጥታ መንካቱ አስፈላጊነቱ ቀረ። የድሮ ጠማቂ አብዛኛውን ጊዜ ጭሱን ለመቀነስ ይታገል ነበር ማለት ይቻላል፤ የዘመናችን ጠማቂ ግን «አሮጌ» መሆኑ እንዲታወቅለት ያበዛዋል። ጭሱ እውነት ነው፤ የጭሱ ብዛት ግን የእኛ ዘመን ስለ ጥንት ያለው ምኞት ነው። በዚህ ረገድ የጠላ ጠማቂዋ ልማድ የበለጠ ግልጽ ነው፤ ወይራውን የምታጨሰው ወድዳና አስባ ነው፣ ዕቃውንም ከተዋስያን ይጠብቅላታል።

አሁን አንድ ጉንጭ ውሰዱ። ወዲያው አትዋጡት፤ በምላሳችሁ ላይ ይንከባለል፣ ስትውጡም በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጉንጭ ስትወስዱ ጭሱ የቀነሰ ይመስላችኋል። ቢራው አልተለወጠም፤ የተለማመደው አፍንጫችሁ ነው። ጭሱ ገለል ሲል ከሥሩ የዳቦ ቅርፊትና የተጠበሰ እህል ጣዕም ይታያል። እዚህ ላይ ወደ ሁለተኛው ቃል እንገባለን፤ ድፍድፉ ሦስት ጊዜ ተቀቅሏል ወደሚለው።

በብቅል ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር የሚለወጠው በኢንዛይሞች ነው፤ ኢንዛይሞቹም የየራሳቸው የሙቀት መጠን አላቸው። አንዱ 50 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌላው በ62 እና በ65 መካከል፣ ሌላው 72 አካባቢ ይሠራል። ቴርሞሜትር በቢራ ቤት መግባት የጀመረው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በእንግሊዝ ነው። ከዚያ በፊት ጠማቂው ሙቀቱን እንዴት ያውቅ ነበር? መልሱ በጣም ብልህ ነው። ውሃ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ በአንድ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ መፍላት ራሱ ቴርሞሜትር ነው። ከድፍድፉ አንድ ሦስተኛውን ቀድቶ በሌላ ጋን ያፈላዋል፤ መልሶም ከቀረው ጋር ይቀላቅለዋል።

ስሌቱን አብረን እናድርገው። ድፍድፉ 50 ዲግሪ ነው እንበል። ሁለት ሦስተኛው በ50 ይቀራል፣ አንድ ሦስተኛው 100 ደርሶ ይመለሳል። ድምሩ ወደ 67 ይጠጋል። በመቅዳትና በመመለስ ጥቂት ሙቀት ስለሚጠፋ በተግባር 64 ወይም 65 ላይ ያርፋል፤ ይህም ስኳር ለማውጣት የሚፈለገው ትክክለኛ ስፍራ ነው። ሦስት ጊዜ ሲደገም ድፍድፉ ከለብታ ተነሥቶ ሁሉንም ደረጃዎች ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ይህን መጽሐፍ ቃል በቃል ብንከተል እንሳሳታለን። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያው ስሌት 64 ብቻ ይሰጣል፣ የጠፋው ሙቀት ሲቀነስ ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል። የባቫርያ አሮጌ ዘዴ እዚህ እንዲሠራ ከአንድ ሦስተኛ ጥቂት በለጥ አድርጎ መቅዳት ያስፈልጋል። አንድ ዘዴ ከአገሩ ሲወጣ ቁጥሩም መለወጥ እንዳለበት ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ምሳሌ ይህ ነው።

የተቀቀለው ክፍል በጋኑ ግድግዳ ላይ ሲፈላ ስኳርና የፕሮቲን ክፍሎች ተገናኝተው የማያር ምላሽ የሚባለው ሂደት ይካሄዳል፤ ዳቦን ቅርፊት የሚያለብሰው፣ ቡናን ሽታ የሚሰጠው ያው ሂደት ነው። እንኩሮ ለጠላ ስትቆላ ቤቱን የሚሞላውም ሽታ ከዚሁ የሚወለድ ነው። ስለዚህ ጠማቂው «ይህን የዳቦ ጣዕም የሰጠው ሦስት ጊዜ መቀቀሉ ነው» ቢል ምክንያቱ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ችግሩ ተመሳሳይ ጣዕም ከጠቆረ ብቅልም መገኘቱ ነው። ሦስቴ መቀቀል ረጅም ሰዓትና ብዙ ማገዶ ይፈጃል፤ ብቅል መለወጥ ግን ምንም አይፈጅም። ጠማቂዎች ራሳቸው ልዩነቱ በምላስ ይታወቃል አይታወቅም በሚለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ስለዚህም ነው ሦስት ብርጭቆ የተቀመጠላችሁ፤ ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ቃል የእንጨት በርሜል ነው። በጉሮሯችሁ መጨረሻ ላይ ቫኒላ የመሰለ ለስላሳ ጣዕም የተሰማው አለ? ብዙ እጅ ተነሥቷል። ይህ ጣዕም የመጣው ከባሉጥ እንጨት ነው፤ በርሜሉ በእርግጥ የእንጨት መሆኑን ይመሰክራል። ጥንታዊ መሆኑን ግን ያፈርሰዋል። የባቫርያና የቦሄሚያ ጠማቂዎች የበርሜላቸውን ውስጥ በቀለጠ የዝፍት ሙጫ ይቀቡት ነበር። ቢራው እንጨቱን እንዳይነካ፣ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥም የሚያበላሹ ተዋስያን እንዳይደበቁ ነው። በአግባቡ የተቀባ በርሜል ቫኒላ አይሰጥም። ቫኒላው የመጣው በርሜሉ ባለመቀባቱ ነው፤ ይህም ከወይን ጠጅና ከውስኪ ዓለም የተወሰደ የቅርብ ጊዜ ፋሽን ነው። ጣዕሙን አልጠላሁትም፤ እንዲያውም ከጭሱ ጋር ይስማማል። ግን ታሪክ አይደለም። ዐሥር ሳምንት መክረሙን በተመለከተ የምላስ ምስክርነት ለጠማቂው ይደግፋል። ችኩል ላገር ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ይህም ዳይአሴቲል የተባለው ውሕድ ነው፤ እርሾው ጊዜ ሲሰጠው መልሶ ይወስደዋል። የድኝ ሽታም ከጊዜ ጋር ይወጣል። ሁለቱም እዚህ የሉም። ጊዜ የማይቸኩል ሠራተኛ ነውና በዚህ ላይ ለጠማቂው ምስጋና ይገባዋል።

ጠርሙሱ ምንም ያልተናገረበት አንድ ነገር ቀርቷል፤ በእኔ ሚዛን ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ነው፤ እርሾው።

የላገር እርሾ ድቅል ነው። አንዱ ወላጁ የዳቦና የቢራ እርሾ ሆኖ ከጥንት የሚታወቀው ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲየ ነው። ሌላው ወላጁ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር፤ በ2011 ተመራማሪዎች በአርጀንቲና ፓታጎኒያ ደኖች ውስጥ በዛፍ ላይ አገኙትና ሳካሮማይሲስ ዩባያነስ አሉት። ብርድ የመቋቋም ችሎታው ከዚህ ወላጁ የመጣ ነው። በኋላም በቲቤት፣ ቀጥሎም በአየርላንድ ተገኝቷል። እስከ 1883 ድረስ ግን ላገር ጠማቂ ሁሉ የሚጠቀመው ከቀደመው ጠመቃ የተረፈውን ዝቃጭ ነበር፤ በውስጡም ብዙ ዓይነት እርሾና ባክቴሪያ አንድ ላይ ይኖራል። የጠላ ጥንስስ ከአተላ ሲነሣ እንደሚሆነው ማለት ነው። በዚያ ዓመት ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተባዛ ንጹሕ እርሾ አዘጋጀ፤ ካርልስበርግም ለሌሎች ጠማቂዎች በነጻ አደለው። ዛሬ የምናውቀው የላገር ጥራት የተወለደው ያን ጊዜ ነው።

አሁን በብርጭቋችሁ ያለውን እንደገና ቅመሱ። ቅርንፉድ የመሰለ ሽታ አለ? የለም። መጠነኛ ኮምጣጣነት አለ? እርሱም የለም። ከጭሱና ከቫኒላው በስተቀር ፍጹም ንጹሕ ነው። ይህ ንጽሕና የሃንሰን እጅ ነው። ብቅሉ ወደ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ድፍድፉ ወደ 18ኛው ሲመለሱ እርሾው ግን ከ1883 ወዲህ ነው። ጠማቂውን አልወቅስም፤ የተደባለቀ እርሾ የሚያመጣውን ኪሳራ አውቃለሁ። ጠርሙሱ ግን ሊለው የሚገባው ነገር «በሦስት ዘመናት ዘዴ የተሠራ አዲስ ቢራ» የሚል ነበር። በሐቀኝነት ቢጻፍ ለእኔ የበለጠ የሚያጓጓ ጽሑፍ ይሆን ነበር።

ወደ ሦስቱ ብርጭቆዎች እንመለስ። ጠማቂው በፈቃደኝነት ያንኑ ቢራ በዚያው ብቅል፣ በዚያው በርሜል፣ ግን ድፍድፉን ሳይቀቅል ጠምቆልናል። ከሦስቱ ብርጭቆዎች ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ይለያል። ለአንዳንዶቻችሁ የተለየው የተቀቀለው ነው፣ ለሌሎቻችሁ ያልተቀቀለው ነው። «የቱ ይጣፍጣል» ብዬ አልጠይቃችሁም፤ የምጠይቃችሁ «የቱ ይለያል» ብዬ ነው። ምንም ሳይለይ በግምት የሚመልስ ሰው ከሦስት አንድ ዕድል አለው። ስለዚህ 30 ቀማሾች ቢኖሩ 10 ያህሉ በዕድል ብቻ ያገኙታል። ልዩነቱ በእርግጥ ይታወቃል ለማለት በተለመደው የስታቲስቲክስ ሚዛን ከ30 ቢያንስ 15ቱ ትክክል መሆን አለባቸው፤ ከ12 ከሆነ ደግሞ 8ቱ። በመካከሉ ውሃ ተጎንጩ፤ ከጎረቤት ጋር አትመካከሩ፤ በቀኝ በኩል ያለውን ሰው ፊት ማንበብም ክልክል ነው።

ወረቀቶቹ እየተሰበሰቡ ሳለ ከኋላ የተነሣውን ጥያቄ ልመልስ። በጌሾ የተሠራ ላገር ቢመጣ «ጥንታዊ» ሊባል ይችላል ወይ ነው ጥያቄው። ጌሾ ምሬቱን የሚሰጠው በጥንስስና በድፍድፍ ውስጥ ቀናት ቆይቶ ነው፤ ሆፕ ግን ምሬቱን እንዲሰጥ አንድ ሰዓት ያህል መፍላት ያስፈልገዋል። ሁለቱ የተለያየ አያያዝ ይሻሉ። ጠላ በቤት ሙቀት የሚፈላ መጠጥ ነው፤ በብርድ የሚሠራ ላገር ውስጥ ጌሾ መጨመር የሚቻል ነው፣ ጣዕሙም ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ግን እንደዚያ ያለ መጠጥ በባቫርያም ሆነ በጎንደር ማንም ጠጥቶት አያውቅም። ስለዚህ እኔ የማየው ጠርሙሱ ላይ ምን እንደሚጻፍ ነው። ጌሾው ቅጠሉ ነው ወይስ እንጨቱ? ስንት ቀን ቆየ? አሠራሩ ከየትኛው አካባቢ ጠማቂዎች ተወሰደ፣ እነርሱስ ድርሻቸው ምንድን ነው? እነዚህ ሲመለሱ ብርጭቆውን አምጡልኝ፤ እኔም እንደ ዛሬው ሦስት አድርጌ እቀዳዋለሁ።